የ1995 ፌራሪ ኤፍ 355 በማኑዋል ካምቢዮ ለሽያጭ ቀርቧል፤ የተጠየቀው ዋጋ ለካምቢዮው ነው ወይስ ለሞተሩ?

ናሁሰናይ፣ ፍራንክፈርት፦

ለመድረኩ አባላት በሙሉ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ከጣልያኗ ቦሎኛ ከተማ ብዙም በማይርቅ ስፍራ የሚኖር አንድ ግለሰብ ለሽያጭ ስላቀረበው መኪና ምክራችሁን ለመጠየቅ ነው የምጽፈው። መኪናው እ.ኤ.አ. በ1995 የተመዘገበ ፌራሪ ኤፍ 355 በርሊኔታ፣ ማለትም ጣሪያው የማይነሣው ዓይነት ነው። ቀለሙ ፌራሪ «ብሉ ቱር ደ ፍራንስ» የሚለው ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ የውስጥ ቆዳው ደግሞ ቡናማ ነው። በማስታወቂያው ላይ እንደተጻፈው 61,400 ኪሎ ሜትር ተጉዟል፤ ሻጩ አራተኛው ባለቤት ሲሆን የጠየቀው 139,000 ዩሮ ነው።

ማስታወቂያው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያወድሰው ካምቢዮውን ነው። በእጅ የሚቀየር ባለ 6 ማርሽ መሆኑን፣ እንዲህ ያለ ፌራሪ ዛሬ እንደማይሠራና ብርቅ እንደሆነ ሦስት ጊዜ ይደጋግማል። ከላከልኝ 40 ፎቶዎች ውስጥ 11ዱ የማርሽ ዘንጉን ከተለያየ አቅጣጫ የሚያሳዩ ሲሆኑ፣ ሞተሩ የሚታይባቸው ግን 2 ብቻ ናቸው። ፎቶዎቹ እኔንም እንደማረኩኝ አልደብቅም። ከዘንጉ ሥር ያለው የተወለወለ የብረት ሳህንና ማርሾቹ የሚገቡባቸው የተቆረጡ መንገዶች ከወጣትነቴ ጀምሮ በዓይነ ሕሊናዬ የኖሩ ናቸው። ለዚህ መኪና ስል ረጅም ዘመን ቆጥቤአለሁ፤ ስለዚህም በስሜት ተነሣሥቼ እንዳልሳሳት እፈራለሁ። ዋጋው ተገቢ ነው ትላላችሁ? ከመሄዴ በፊትስ ምን መጠየቅ ይኖርብኛል?

ዳዊት፣ ለንደን፦

ወንድሜ ናሁሰናይ፣ በመጀመሪያ እንኳን ለዚህ አበቃዎት። በእኔ እምነት ሻጩ ካምቢዮውን ማጉላቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ፌራሪ በ2009 ያወጣው 458 ኢታሊያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማኑዋል አማራጭ አልነበረውም፤ ከዚያ በፊት በነበረው በኤፍ 430 ላይ ማኑዋል ቢኖርም ብዙው ገዢ የመረጠው ከመሪው ጀርባ በጣት የሚቀየረውን ነበር። ባለ 12 ሲሊንደሩ 599 ጂቲቢ በማኑዋል የተሠራው 30 ገደማ ብቻ ስለሆነ ዋጋው ከሌሎቹ 599ኞች ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ላምቦርጊኒም ቢሆን የመጨረሻውን ማኑዋል መኪናውን ያመረተው ጋላርዶ እስከቆመበት እስከ 2013 ነው። ዕቃው ከገበያ ሲጠፋ ፈላጊው ወደ ቀደሙት ሞዴሎች መውረዱ የታወቀ ነውና ኤፍ 355ም ከዚህ ተጠቃሚ ሆኗል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ላስጠነቅቅዎት እፈልጋለሁ። የዋጋው ልዩነት ስለሰፋ፣ በጣት ይቀየር የነበረውን መኪና ፈትተው ማኑዋል ካምቢዮ የሚገጥሙ ባለሙያዎች በዝተዋል። ሥራው በጥራት ከተሠራ ለመንዳት ችግር የለበትም፤ እንደ ፋብሪካ ማኑዋል አድርጎ መሸጥ ግን ማታለል ነው። ይህንን ሳያረጋግጡ ቀብድ እንዳይከፍሉ።

በየነ መካኒክ፣ ቨርጂንያ፦

አቶ ዳዊት ስለ ቅየራ የሰጡት ማስጠንቀቂያ ለ360 ሞዴናና ለኤፍ 430 ገዢዎች ትክክለኛ ነው፤ ለዚህ መኪና ግን አያስፈልግም። ፌራሪ ኤፍ 1 የተባለውን የጣት መቀየሪያ በመንገድ መኪና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዋለው በዚሁ በኤፍ 355 ላይ ቢሆንም፣ ዘመኑ 1997 ነበር። በ1995 የፌራሪ ፋብሪካ ካለበት ከማራኔሎ የወጣ ኤፍ 355 ሁሉ በማኑዋል ካምቢዮ የወጣ ነው፤ ገዢው የሚመርጠው ሌላ ነገር አልነበረም። ከ1994 እስከ 1999 ከ11,000 በላይ ኤፍ 355 ተሠርቷል፤ ከእነዚህም ውስጥ አብዛኞቹ ማኑዋል ናቸው። ስለዚህ ወንድም ናሁሰናይ፣ ሻጩ እንደ ብርቅ ቆጥሮ ዋጋ የሚጠይቅበት ነገር በዚያ ዓመት የጋራ ንብረት ነበር ማለት ነው። የ599 ማኑዋልን ስም በ355 ላይ ለጥፎ መሸጥ ትክክል አይደለም።

እኔ ሙያውን የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ ባለ ጋራዥ ውስጥ ነው። አሜሪካ መጥቼ የጣልያን መኪኖች የሚጠገኑበት ጋራዥ ስቀጠር የመጀመሪያ ቀን የሰጡኝ የመለዋወጫ መጽሐፍ ጣልያንኛ ነበር፤ እኔም ከፍቼ አነበብኩት። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ባልቦላ፣ ማርሚታ የሚሉት የጋራዣችን ቃላት በሙሉ እዚያ ውስጥ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ 355 በእጄ አልፏልና የማውቀውን ልንገርዎት።

የዚህ መኪና ዋጋ ያለው ከወንበሩ ጀርባ ነው። ሞተሩ 3.5 ሊትር ባለ 8 ሲሊንደር ነው፤ በስሙ መጨረሻ ያለው 5 ቁጥር የሚያመለክተው በእያንዳንዱ ሲሊንደር 5 ቫልቭ መኖሩን ነው፤ ሦስቱ አየር ያስገባሉ፣ ሁለቱ ጭስ ያስወጣሉ። በድምሩ 40 ቫልቭ ማለት ነው። የፒስተን ዘንጎቹ ከቲታኒየም የተሠሩ ናቸው፤ በደቂቃ 8,250 ዙር ላይ 380 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ይህ ሁሉ የሚያኮራ ምህንድስና ነው፤ ነገር ግን በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሞተሮች ላይ ቫልቩ ወጣ ገባ የሚልባቸው ጋይዶች ከነሐስ ስለተሠሩ ቶሎ ይበላሉ። ጋይዱ ሲሰፋ ቫልቩ ይወላገዳል፣ በመቀመጫው ላይ በትክክል አያርፍም፣ ዘይትም ወደ ውስጥ ይገባል። የጭስ ማውጫ ማኒፎልዱ ደግሞ ስስ ቱቦ ሆኖ በሙቀት መከላከያ የተሸፈነ ስለሆነ ውስጥ ለውስጥ ሲሰነጠቅ ከላይ አይታይም። ሁለቱ ጉዳቶች ብዙ ጊዜ አብረው ይገኛሉ።

ከሁሉ በላይ ግን ስለ ታይሚንግ ቺንጋው፣ ማለትም የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከፒስተኖቹ ጋር ስለሚያስማማው የላስቲክ ቀበቶ፣ ይጠይቁ። ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ ሞተሩም አበቃለት። በ355 ላይ ቺንጋ ለመቀየር ሞተሩ፣ ካምቢዮውና የኋላው ንዑስ ሻንሲ አንድ ላይ ወደ ታች መውረድ አለባቸው። በተተኪው በ360 ላይ ከወንበሮቹ ጀርባ ባለ ክዳን በኩል እንዲደረስበት ተደረገ፤ በኤፍ 430 ላይ ደግሞ ጭራሹን በሰንሰለት ተተካ። ባለቤቶች ቺንጋውን በየ3 እስከ 5 ዓመቱ ይቀይራሉ፤ ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ቢሆንም ላስቲክ በዕድሜ ይደርቃልና ዓመቱ አይታለፍም። አንድ ደንበኛችን «ሰርቪስ የተደረገለት» ተብሎ ከሩቅ ከተማ፣ ሳያስፈትሽ፣ በስልክ የገዛውን 355 አምጥቶልን ነበር። ሞተሩን ስናወርድ ቺንጋው ላይ በጥፍሬ ስጫነው ጥርሱ ተፈረፈረ። ሰውየው ወንበር ፈልጎ ቁጭ አለ።

ዮናስ፣ አዳማ፦

ለጋሽ በየነ ምስጋናዬ የላቀ ነው። እኔ የአውቶሞቲቭ ተማሪ ነኝና ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ሁለት ነገር ልጠይቅ። በጣት የሚቀየረው ማርሽ ከሰው እጅ እንደሚፈጥን በትምህርታችን ተነግሮናል፤ ታዲያ ሰው ዘገምተኛውን ለማግኘት ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍለው ለምንድን ነው? ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለውን መኪና ወደ አገር ቤት ማስገባት ይቻላል?

ዳዊት፣ ለንደን፦

ወንድሜ ዮናስ፣ ሁለተኛውን ላስቀድም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ስለተከለከለ አይቻልም።

ወደ መጀመሪያው ስመለስ፣ የተማርከው እውነት ነው። ነገር ግን በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጣው የኤፍ 1 ስልት የዛሬው ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ አልነበረም። ካምቢዮው ያው የማኑዋሉ ሆኖ፣ ፍሪሲዮኑን የሚረግጥልህና ማርሹን የሚገፋልህ በዘይት ግፊት የሚሠራ መሣሪያ ነው የተጨመረበት። በከተማ ውስጥ ይንገጫገጫል፤ ፓምፑና ቫልቮቹ ሲያረጁም ጥገናው ውድ ነው። ማኑዋሉ ግን በፍሪሲዮን ፔዳልና በዘንግ የሚሠራ ስለሆነ ከ30 ዓመት በኋላም ማንኛውም ጥሩ መካኒክ ይረዳዋል። ይህ የኪሱ ምክንያት ነው።

ሌላው ምክንያት በቃል ለማስረዳት ይከብዳል፤ የአንድ ወዳጄን 355 ጥቂት ስለነዳሁ ልሞክረው። ዘንጉን ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ስታሻግረው ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ጎን፣ እንደገና ወደ ላይ ትገፋዋለህ፤ በየመታጠፊያው ብረት ብረትን ሲነካ ቀጭን ድምፅ ይሰማል፣ በመዳፍህም ይታወቅሃል። ቸኩለህ አግድም ልትስበው ብትሞክር ሳህኑ ያግድሃል። መንገዱን ጠብቀህ ስትሄድ ግን ሞተሩ ከጀርባህ እየጮኸ ሳለ አንተም የሥራው ተካፋይ እንደሆንክ ይሰማሃል። በጣት የሚቀየረውንም ነድቻለሁ፤ ፈጣን ነው፣ ግን ከወረድኩ በኋላ የማስታውሰው ነገር ትንሽ ነው።

ሂሩት፣ ቦሎኛ፦

አቶ ናሁሰናይ፣ እኔ እዚሁ ቦሎኛ የመኪና ሰነዶች በሚያስፈጽም ቢሮ ውስጥ ስለምሠራ ስለ ወረቀቱ ልርዳዎት። በጣልያን የመኪና ባለቤትነት የሚመዘገበው «ፒ አር ኤ» በሚባለው የሕዝብ መዝገብ ነው። ከዚያ መዝገብ በታርጋው ቁጥር «ኤስትራቶ ክሮኖሎጂኮ» የሚባል ወረቀት ከፍለው ማውጣት ይችላሉ፤ መኪናው ከማን ወደ ማን መቼ እንደተላለፈ፣ ዕዳ ወይም እገዳ ካለበትም ያሳያል። «አራተኛ ባለቤት ነኝ» የሚለው የሻጩ ቃል እውነት መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው። በየ2 ዓመቱ የሚደረገው የቴክኒክ ምርመራም የኪሎ ሜትሩን ንባብ ስለሚመዘግብ ከማስታወቂያው ቁጥር ጋር ያስተያዩት።

ሰዎች የሚረሱት አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ አገር ከ185 ኪሎዋት በላይ ጉልበት ያላቸው መኪኖች «ሱፐርቦሎ» የሚባል ተጨማሪ ግብር አለባቸው። ይህ መኪና 280 ኪሎዋት ገደማ ስለሆነ ከልኩ በላይ ነው፤ መኪናው 20 ዓመት ሲሞላው ግን ግብሩ ይቀራል። ስለዚህ «ግብሩ ከበደኝና ልሽጠው ነው» የሚል ምክንያት ቢሰጥዎት አይቀበሉ።

ከተስማማችሁ በኋላ ወደ ጀርመን ለመውሰድ መኪናው ከጣልያን መዝገብ ለውጭ ሽያጭ ተብሎ መሠረዝ አለበት። ለዚህም የምርመራው ጊዜ ያላለፈበት መሆኑ ይጠየቃል። የሰርቪስ ደረሰኞቹን ካገኙ እባክዎ ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ፤ አነብልዎታለሁ።

አቤል፣ ዱባይ፦

ስለ ሞተሩ ጋሽ በየነ ጨርሰውታል፤ እኔ የምናገረው ፀሐይ ስለምታደርገው ነው። እዚህ ሙቀቱ ስለሚያፋጥነው በቅርብ አይቼዋለሁ። የዳሽቦርዱ ቆዳ ከፊት መስታወቱ ሥር ይኮማተርና ጫፉ ይነሣል። የመስኮትና የአየር ማስተካከያ ቁልፎቹ የተቀቡት ለስላሳ ሽፋንም በዕድሜ ቀልጦ እንደ ማር ይለጠፋል፤ ጣትዎን ያሳርፉበትና ይዩ። እንዲሁም በጎማው ጎን ያሉትን 4 አኃዞች ያንብቡ። ለምሳሌ 2314 ቢል በ2014 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ጥርሱ አዲስ መስሎ ዕድሜው ያለፈ ጎማ ያለው መኪና ባለቤቱ ለረጅም ጊዜ ሳይነዳው አቁሞት እንደነበረ ይናገራል። የቆመ መኪና ደግሞ ከተነዳው ይልቅ ያስፈራኛል።

ናሁሰናይ፣ ፍራንክፈርት፦

የሁላችሁም ምክር ከምጠብቀው በላይ ነው። ቅዳሜ ዕለት ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ያየሁትን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

ሻጩ ትሑትና እንግዳ ተቀባይ ሰው ነው። አስቀድሜ በስልክ «እባክዎ ከመምጣቴ በፊት ሞተሩን አያስነሡት» ብዬ ለምኜው ስለነበር ማርሚታው ላይ እጄን ሳሳርፍ ቀዝቃዛ ነበር። ሲነሣ በግራ በኩል ትክ ትክ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ከ2 ደቂቃ ያህል በኋላ ጠፋ። ሻጩ ሁሉም እንዲህ ነው አለኝ። የዳሽቦርዱ ቆዳ በቀኝ በኩል የጣት ስፋት ያህል ተነሥቷል። የጎማዎቹ አኃዝ 3615 ነው።

ከዚያ ነዳሁት። ከመጀመሪያ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ለመቀየር ስሞክር ዘንጉ አልገባም አለ። ደንግጬ ሻጩን ስመለከተው በእርጋታ «ከመጀመሪያ ወደ ሦስተኛ እለፍ፤ ዘይቱ እስኪሞቅ ሁለተኛን አታስገድደው» አለኝ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ሁለተኛው እንደ ቅቤ ገባ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አቶ ዳዊት በትክክል ገልጸውታል፤ እኔ የምጨምርበት የለም። ከመኪናው ስወርድ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሰኞ ዕለት ሻጩ ፈቅዶልኝ ገለልተኛ የሆነ ባለሙያ ጋራዥ ወስደን የሲሊንደሮቹን የአየር ማምለጥ አስለካሁ። ከ8ቱ ሲሊንደሮች 7ቱ ከ6 እስከ 9 በመቶ ሲያመልጡ፣ 5ኛው ግን 24 በመቶ ነው። ሻጩ አስቀድሞ ሞተሩ ጤነኛ መሆኑን አረጋግጦልኝ ነበርና ውጤቱን ሲያይ ዝም አለ። የ2021 የሰርቪስ ደረሰኝም ሰጥቶኛል፤ ቺንጋው ያኔ ተቀይሯል ይላል። ለወይዘሮ ሂሩት ልኬዋለሁ።

በየነ መካኒክ፣ ቨርጂንያ፦

ሁለተኛ ማርሽ ሲቀዘቅዝ አልገባም ማለቱ የዚህ ዘመን ፌራሪ ጠባይ ነውና አያሳስብዎት፤ እንዲያውም ሻጩ እንዳይገደድ መምከሩ ካምቢዮውን በአግባቡ ይይዝ እንደነበር ያመለክታል። ቢሞቅም እምቢ ካለ ግን ሲንክሮኖው፣ ማለትም ማርሹ ሳይጋጭ እንዲገባ ፍጥነቱን የሚያስተካክለው ቀለበት፣ አልቋል ማለት ነው።

ዋናው ጥያቄ በ5ኛው ሲሊንደር ላይ አየሩ በየት በኩል ነው የወጣው የሚለው ነው። በዘይት መሙያው በኩል ከነፈሰ የፒስተን ቀለበት ነው። በአየር ማስገቢያው ከነፈሰ የማስገቢያ ቫልቭ ነው። በማርሚታው ጫፍ በኩል ከተሰማ ግን የማስወጫ ቫልቭ በመቀመጫው ላይ አያርፍም ማለት ነውና ወደ ነገርኩዎት ጋይድ ያመራል። ባለሙያውን ይጠይቁት፤ ጆሮውን አስጠግቶ ሳያዳምጥ አልለካም ብዬ አምናለሁ። ቀዝቃዛ ሲነሣ የሰሙት ትክ ትክ የሚለው ድምፅ ደግሞ የማኒፎልድ ስንጥቅ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ብረቱ ሲሞቅ ይለጠጥና ስንጥቁ ይዘጋል፣ ድምፁም ይጠፋል።

ሂሩት፣ ቦሎኛ፦

ደረሰኙን ደጋግሜ አነበብኩት። አቶ ናሁሰናይ፣ በ2021 ቺንጋ አልተቀየረም። በወረቀቱ ላይ ያለው ቃል «ታልያንዶ» ነው፤ ትርጉሙ መደበኛ ሰርቪስ ማለት ነው። ከሥሩ የተዘረዘሩት የሞተር ዘይት፣ የዘይት ማጣሪያ፣ የአየር ማጣሪያና የፍሬን ዘይት ብቻ ናቸው። የታይሚንግ ቺንጋ ቢቀየር ኖሮ «ዲስትሪቡዚዮኔ» የሚል ቃል፣ ከእሱም ጋር የብዙ ሰዓት የሥራ ክፍያ ይኖር ነበር። የሠራተኛ ክፍያው የ4 ሰዓት ብቻ ነው። ሻጩ አውቆ ዋሸ ለማለት አልደፍርም፤ እሱም ከቀድሞው ባለቤት የሰማውን ሊሆን ይችላል፣ ደረሰኙ የተጻፈው በሦስተኛው ባለቤት ስም ነውና። ቺንጋው የተጠቀሰበት የመጨረሻ ወረቀት የ2016ቱ ነው። ኤስትራቶውንም አይቼዋለሁ፤ የባለቤቶቹ ቁጥር እውነት ነው፣ እገዳም የለበትም።

ዳዊት፣ ለንደን፦

ሁሉም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ፍርሃት እንዳይበዛ እሰጋለሁ። ቺንጋና ቫልቭ በገንዘብ የሚስተካከሉ ናቸው፤ ቀለሙ የፋብሪካው የሆነ፣ ያልተጋጨ፣ ወረቀቱ የተሟላ 1995 በርሊኔታ ግን በየቀኑ አይገኝም። በርሊኔታው ጣሪያው ቋሚ ስለሆነ አካሉ ጠንካራ ነው፤ ሰብሳቢዎችም ጣሪያው ከሚከፈተው ከስፓይደሩ አስበልጠው ይፈልጉታል። አንድ ወዳጄ በጥቂት ሺህ ዩሮ ምክንያት ከአንድ 355 ተመልሶ እስከ ዛሬ ይጸጸታል። እኔ ብሆን ጥቂት አስቀንሼ እወስደዋለሁ።

በየነ መካኒክ፣ ቨርጂንያ፦

አቶ ዳዊት፣ በአክብሮት ልለይዎት። «ጥቂት አስቀንሼ» የሚለው ነው የሚያሳስበኝ። ሞተሩ መውረዱ አይቀርም፤ ቺንጋው ብቻውን ያስገድዳል። ሞተሩ ከወረደ በኋላ ቴስታታዎቹ፣ ማለትም ቫልቮቹን የያዙት የሲሊንደሮቹ ክዳኖች፣ ካልተከፈቱ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ማውረድ ነው። እንደገና መፍታት፣ እንደገና መክፈል ማለት ነው። ቴስታታ ከተከፈተ አንዱን ጋይድ ብቻ ለይቶ መቀየር ስለማያዋጣ 16ቱንም የማስወጫ ጋይዶች በጠንካራው ብረት መተካት ይገባል። ማኒፎልድ፣ የነዳጅ ቱቦዎች፣ የውሃ ፓምፕና ፍሪሲዮንም በዚያው ጊዜ ይታያሉ። ይህ ሁሉ ከተጠየቀው ዋጋ ላይ መቀነስ አለበት እንጂ በገዢው ጫንቃ ላይ መጨመር የለበትም። ጥሩ ሞተር ያለው 355 በሚሸጥበት ዋጋ የታመመ ሞተር ያለውን መግዛት፣ ለማርሽ ዘንጉ ሲባል ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

ናሁሰናይ፣ ፍራንክፈርት፦

ጋሽ በየነ፣ ባለሙያውን ጠየቅሁት፤ አየሩ የወጣው በማርሚታው በኩል ነው። የሥራውን ግምትም ጻፈልኝ፤ ቺንጋውን፣ ጋይዶቹንና የግራውን ማኒፎልድ ጨምሮ 16,000 ዩሮ ገደማ ነው። ጎማዎቹ በዚህ ውስጥ አልገቡም።

ግምቱን ይዤ 117,000 ዩሮ አቀረብኩለት። ሻጩ 3,000 ብቻ እንደሚቀንስ፣ ማኑዋል ፌራሪ ፈላጊው ብዙ እንደሆነና ሌላ ገዢ እንደማይጠፋ ነገረኝ። በ1995 ሁሉም ማኑዋል እንደነበረ በትሕትና ገለጽኩለት፤ አልተቀበለኝም። አመስግኜው ተመለስኩ። ባቡሩ ውስጥ ቁጭ ብዬ ትክክል ማድረጌን አእምሮዬ ቢያውቅም ልቤ ግን ከዚያ ጋራዥ አልወጣም ነበር።

ዮናስ፣ አዳማ፦

አይዞዎት ጋሼ። እኔ ከዚህ ውይይት የተማርኩት በአንድ ሴሚስተር ከተማርኩት ይበልጣል።

ሂሩት፣ ቦሎኛ፦

አቶ ናሁሰናይ ፈቃድዎን ስለሰጡኝ ዛሬ ሻጩን በስልክ አነጋግሬዋለሁ። ደረሰኙን ቃል በቃል አብረን አነበብነው። «ዲስትሪቡዚዮኔ» የሚለውን እስኪፈልግ ረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያም «ስገዛ ቺንጋው ተቀይሯል ብለውኝ ነበር» አለ። በድምፁ ውስጥ ቁጣ ሳይሆን ሐዘን ነው የሰማሁት። ለሦስት ዓመት በዚያ ቺንጋ በተራራው መንገድ ሲነዳ መኖሩ ያስደነገጠው ይመስለኛል። አስብበታለሁ ብሎኛል።

ናሁሰናይ፣ ፍራንክፈርት፦

ከ12 ቀን በኋላ ሻጩ ራሱ ደወለልኝ። 119,000 ዩሮ ተስማምተን፣ መኪናው ከእሱ ቤት በቀጥታ ወደዚያው ባለሙያ ጋራዥ በጭነት መኪና እንዲሄድ አደረግን፤ ሞተሩን ከዚያች ቀን ጀምሮ ማንም አላስነሣውም። ውሉ ላይ የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር ከሊብሬው ጋር ተመሳክሮ ተጽፏል።

ትናንት ባለሙያው ፎቶ ላከልኝ። ሞተሩ መሬት ላይ ነው፤ ቴስታታዎቹ ተከፍተዋል። ከ16ቱ የማስወጫ ጋይዶች 6ቱ ከተፈቀደው ልክ በላይ ሰፍተዋል፤ ከሁሉም የባሰው በ5ኛው ሲሊንደር ላይ ያለው ነው። የግራው ማኒፎልድ ሽፋኑ ሲነሣ የትንሽ ጣቴን ርዝመት የሚያክል ስንጥቅ ተገኝቶበታል። ጋሽ በየነ፣ እርስዎ ሳያዩት የነገሩኝ በሙሉ እንዳለ ነው የተገኘው። አሮጌውን ቺንጋ እንዳይጥለው ለምኜዋለሁ።

ካምቢዮውንም ከፍቶ አይቶታል፤ ሲንክሮኖዎቹ ጤነኞች ናቸው። የቀድሞው ባለቤት ሁለተኛን አላስገደደም።

በየነ መካኒክ፣ ቨርጂንያ፦

እንኳን ደስ አለዎት። ሞተሩ ተመልሶ ከተገጠመ በኋላ የመጀመሪያውን 1,000 ኪሎ ሜትር ከ5,000 ዙር በላይ አያስጩኹት፤ ዘይቱንም በዚያው ይቀይሩት። በጀርመን 30 ዓመት ለሞላው መኪና የሚሰጠውን የታሪካዊ መኪና ታርጋም ይጠይቁ፤ መኪናው እንደ ፋብሪካው መሆኑን ስለሚመረምሩ የአሮጌውን ማኒፎልድ ፎቶና የሥራውን ደረሰኝ ሁሉ በአንድ መዝገብ ያስቀምጡ።

ናሁሰናይ፣ ፍራንክፈርት፦

እንደታዘዝኩት አደርጋለሁ። መዝገቡን ከዛሬ ጀምሬአለሁ፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያስቀመጥኩት ወይዘሮ ሂሩት ያነበቡልኝን የ2021 ደረሰኝ ነው። ወደ ቤት የማመጣው ከጣልያን ወደ ኦስትሪያ በሚያሻግረው በብሬነር ማለፊያ በኩል እየነዳሁ ነው። ቀኑን እጽፋለሁ።